የሄድፎን ዋጋ ካርቶኑ ላይ አያበቃም

ለዲጄ ሥራም ለዘወትር ማዳመጥም የሚሆን ዕቃ የሚፈልጉ ገዥዎችና አስመጪዎች ከዋጋው በፊት ሊጠይቁት የሚገባ

የጥር ሰርግ ሲቃረብ የድምፅ መሣሪያ ገበያው ይሟሟቃል። ስፒከር ይከራያል፤ ሚክሰር ይጠገናል፤ ገመድና ማገናኛ ይሸጣል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል በዋጋው ከትንንሾቹ የሚቆጠረው፣ ሲበላሽ ግን ሥራውን የሚያደናቅፈው ሄድፎን ነው። ከሁለት ስፒከር አንዱ ቢቃጠል በቀረው መቀጠል ይቻላል። ሄድፎኑ የተበላሸበት ዲጄ ግን ቀጣዩን ዘፈን አስቀድሞ ሳይሰማ ወደ አዳራሹ ይለቃል። ሙሽሮች በሚገቡበት ሰዓት የተሳሳተ ዘፈን ከተሰማ ደግሞ የዕለቱ ቀሪ ክፍያም ሆነ የሚቀጥለው ደንበኛ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ይህ ሆኖ ሳለ በግዢ ወቅት አነስተኛ ትኩረት የሚያገኘው ይኸው ዕቃ ነው። ገዥው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ስንት ነው? የሚቀጥሉት ሁለት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ይቀራሉ። ስንት ዓመት ያገለግላል? ስፖንጁና ገመዱ ሲያልቁስ ምትክ ይገኛል? በዘርፉ የቆዩት የታወቁ ምርቶች ታሪክ ሲታይ ግን ርካሹን ከውዱ የሚለየው በካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ሳይሆን የእነዚህ የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ጀርባው ዝግ የሆነው ለምን ይመረጣል?

ሄድፎን በጀርባው አሠራር በሁለት ይከፈላል። ጀርባው ክፍት የሆነው ድምፁን ወደ ውጭ ያሳልፋል፤ የውጭውንም ያስገባል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ሰፋ ያለና ያልታፈነ ድምፅ ስለሚሰጥ ቤታቸው ተቀምጠው የሚያዳምጡ ሰዎች ይመርጡታል። በአንጻሩ ጀርባው ዝግ የሆነው በፕላስቲክ ወይም በብረት የተሸፈነ በመሆኑ የሙዚቃውን ድምፅ ጆሮ ላይ ይይዛል፤ የውጭውንም ጫጫታ ይቀንሳል።

የዲጄ ሥራ ያለዚህ አይሆንም። ዲጄው ሕዝቡ አንዱን ዘፈን እየሰማ ሳለ ሌላውን በጆሮው ብቻ ያዘጋጃል፤ የሁለቱን ምት ያስተካክላል፤ መግቢያውን ይመርጣል። ይህን የሚያደርገው ትልልቅ ስፒከሮች አጠገብ ቆሞ ነው። ሄድፎኑ የአዳራሹን ድምፅ ካልከለከለለት ያለው አማራጭ የሄድፎኑን ድምፅ መጨመር ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ጆሮን ይጎዳል።

ለዘወትር ማዳመጥም ቢሆን ዝጉ ይሻላል። በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ፣ ብዙ ሰው በሚሠራበት ቢሮ ወይም በካፌ ውስጥ ክፍት ሄድፎን ያደረገ ሰው የራሱን ዘፈን ለጎረቤቱ ያሰማል። ዝጉ የራሱ ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ጆሮን ያሞቃል፤ አንዳንዱም የወፍራሙን ድምፅ መጠን ከተቀዳው በላይ አጉልቶ ያሰማል። ሁለቱንም ሥራ በአንድ ዕቃ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው እነዚህን ጉድለቶች ከወዲሁ ማወቅ ይኖርበታል።

በገበያው ስም ያወጡት

በዚህ ዘርፍ አዲስ ሞዴል በየዓመቱ ይወጣል። ነገር ግን በባለሙያዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የቆዩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀሰው የጀርመኑ ሴንሃይዘር ኤችዲ 25 ነው። ኩባንያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1945 በሐኖቨር አካባቢ ሲሆን፣ ኤችዲ 25 ገበያ ላይ የዋለው በ1988 ነው። ክብደቱ ያለ ገመዱ 140 ግራም ብቻ ነው። በራስ ላይ የሚያርፈው ቅስት ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው የጆሮ ክዳን ወደ ኋላ ስለሚዞር ዲጄው በአንድ ጆሮው አዳራሹን፣ በሌላው ሄድፎኑን ለመስማት ይችላል። ዕቃውን ከ30 ዓመት በላይ ገበያ ላይ ያቆየው ዋናው ምክንያት ግን ክፍሎቹ በሙሉ ተነቃቅለው መተካት መቻላቸው ነው። ስፖንጁ፣ ገመዱ፣ ቅስቱ፣ በውስጡ ያለችው ትንሽ ስፒከር ሳትቀር ለየብቻ ይሸጣሉ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 ሞዴሉን በሦስት ደረጃ መድቦ ማቅረብ ሲጀምር የመካከለኛው ዋጋ በአሜሪካ ገበያ ወደ 150 ዶላር ዝቅ ብሏል። «ላይት» የተባለው ታናሹ ሞዴል በ100 ዶላር ገደማ የቀረበ ሲሆን፣ ቅስቱ ቀጭን ነው፤ የጆሮ ክዳኑም አይዞርም።

የኤችዲ 25 ጉድለት ጆሮን ከቦ የሚይዝ ሳይሆን ጆሮ ላይ የሚያርፍ መሆኑ ነው። ጠበቅ ብሎ ስለሚይዝ ዲጄው ሲንቀሳቀስ አይወልቅም፤ ጫጫታውንም በሚገባ ይከለክላል። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ወይም ሙሉ ቀን ቢሮ ውስጥ ለሚያዳምጥ ግን ከሰዓታት በኋላ ጆሮን ያሳምማል።

ሁለተኛው የጃፓኑ ሶኒ ኤምዲአር 7506 ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሲሆን፣ በ1985 ከወጣው ኤምዲአር ቪ6 ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። በሬዲዮ ጣቢያዎች፣ በፊልም ቀረጻና በስቱዲዮዎች በብዛት ይታያል። ጆሮን ከቦ ይይዛል፤ ይታጠፋል፤ ቀላል ነው። ዋጋው ለረጅም ዓመታት በ100 ዶላር አካባቢ ቆይቷል። ድምፁ ቀጭኑን ወገን ስለሚያጎላ በቀረጻ ውስጥ ያለ ስህተት ቶሎ ይሰማበታል። ለዲጄ ሥራ ሁለት ችግሮች አሉበት። አንደኛ፣ የጆሮ ክዳኑ እንደ ኤችዲ 25 ወደ ኋላ አይዞርም። ሁለተኛ፣ ጥቅልል ገመዱ የማይነቀል በመሆኑ ሲበጠስ ጥገና ቤት ወስዶ ማስበየድ ግድ ይላል። ስፖንጁም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይላጣል፤ ምትኩ ግን በቀላሉ ይገኛል።

ሦስተኛው የኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም50ኤክስ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1962 በቶኪዮ የተቋቋመ ሲሆን፣ ሥራ የጀመረው ለሸክላ ማጫወቻ የሚሆኑ መርፌ መያዣዎችን በማምረት ነበር። የመጀመሪያው ኤም50 በ2007 ወጣ። ጥሩ ስም ቢያተርፍም ገመዱ አይነቀልም ነበር። በ2014 ኤም50ኤክስ ሲተካው ከታዩት ለውጦች ዋነኛው ገመዱ ተነቃይ መሆኑና ከዕቃው ጋር ሦስት ገመዶች መሰጠታቸው ነው። አንዱ ለዲጄ የሚሆን ጥቅልል፣ ሌላው ለስቱዲዮ የሚሆን 3 ሜትር፣ ሦስተኛው ለስልክ የሚሆን 1.2 ሜትር ነው። የጆሮ ክዳኖቹ 90 ዲግሪ ይዞራሉ። ዋጋው በአሜሪካ መደብሮች ከ150 እስከ 170 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ ቆይቷል። በ100 ዶላር ገደማ የሚገኘው ታናሽ ወንድሙ ኤም40ኤክስም ገመዱ ይነቀላል፤ ድምፁም ከታላቁ ይልቅ ሚዛናዊ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ከሁለቱ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ኤም20ኤክስ ዋጋው 50 ዶላር አካባቢ ሲሆን ገመዱ አይነቀልም።

አራተኛው በክለቦች ውስጥ በሚክሰሩና በማጫወቻው የሚታወቀው ፓዮኒር ዲጄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ኤችዲጄ ኤክስ5 በ100 ዶላር ገደማ የቀረበ ሲሆን፣ ኤችዲጄ ኪው1 የተባለው ደግሞ ከዚያ ዝቅ ባለ ዋጋ ለጀማሪዎች የወጣ ነው። የሁለቱም የጆሮ ክዳን ይዞራል።

ባለቤትነት ሲለወጥ

ለነጋዴና ለባለሀብት ሌላም ሊታይ የሚገባው ጉዳይ አለ። እነዚህ ስሞች ባለፉት ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ቆይተዋል። ፓዮኒር የዲጄ ዕቃ ክፍሉን ለአሜሪካው የኢንቨስትመንት ድርጅት ኬኬአር ለመሸጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲስማማ ዋጋው 59 ቢሊዮን የን ገደማ ነበር። ኩባንያው ከ2020 ጀምሮ አልፋቴታ በሚል ስም ይጠራል። የቪየናው ኤኬጂ የሚገኝበት ሃርማን በ2017 በሳምሰንግ በ8 ቢሊዮን ዶላር ተገዛ። ሴንሃይዘርም ለተራው ሸማች የሚያመርተውን ክፍል ለስዊዘርላንዱ የመስሚያ መሣሪያ አምራች ሶኖቫ በ200 ሚሊዮን ዩሮ ለመሸጥ በ2021 ተስማምቶ ርክክቡ በቀጣዩ ዓመት ተጠናቋል።

የባለቤት ለውጥ ዕቃውን ያበላሸዋል ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ሞዴሎች ሊቋረጡ፣ መለዋወጫ የሚያቀርበው ወኪልም ሊለወጥ ይችላል። በመሆኑም ብዙ ዓመት የተሸጠና በዓለም ዙሪያ ብዙ ባለቤት ያለው ሞዴል ከአዲሱ ይልቅ አስተማማኝ ነው። አምራቹ ቢያቆም እንኳ ስፖንጅና ገመድ የሚሠሩ ሌሎች ፋብሪካዎች ገበያውን አይለቁትም።

በካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች

ገዥን ከሚያሳስቱት አንዱ ካርቶኑ ላይ የሚታተመው የቁጥር ብዛት ነው። አንዳንዱ ዕቃ ከ5 እስከ 35,000 ኸርዝ ያሰማል ተብሎ ይጻፍበታል። የሰው ጆሮ በጤናማ ወጣትነት ዕድሜ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ በመሆኑ ከዚያ ውጭ ላለው ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ትርፉ እምብዛም ነው። በውስጥ ያለችው ስፒከር 50 ሚሊሜትር መሆኗም ከ40 ሚሊሜትሯ ትበልጣለች ማለት አይደለም። የሶኒው 7506 ስፒከር 40 ሚሊሜትር ነች።

ትኩረት የሚገባው ቁጥር በኦም የሚለካው የኤሌክትሪክ መከላከል ነው። ስልክ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ግፊት ትንሽ ነው። ለምሳሌ ግማሽ ቮልት ያወጣል ብንል፣ 32 ኦም የሆነ ሄድፎን 8 ሚሊዋት ገደማ ያገኛል፤ 250 ኦም የሆነው ግን 1 ሚሊዋት ብቻ። በመሆኑም ለስቱዲዮ የተሠራ ጥሩ ሄድፎን ስልክ ላይ ሲሰካ ድምፁ ያነሰ መስሎ ገዥው ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ይችላል። የጀርመኑ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በአንድ ስም የ32፣ የ80 እና የ250 ኦም ሞዴሎች ተሸጠዋል። ስሙን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ለስልኩ የማይሆነውን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ከላይ ከተጠቀሱት ኤም50ኤክስ 38 ኦም፣ ኤም40ኤክስ 35 ኦም፣ 7506 ደግሞ 63 ኦም፣ ኤችዲ 25 70 ኦም ናቸው። አራቱም በትንሽ ኃይል ጮክ ብለው ስለሚሰሙ ስልክም ሚክሰርም ላይ ይሠራሉ። ከስልክ ጋር ለሚያገናኝ ግን አንድ ተጨማሪ ወጪ አለ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን 7 ላይ የሄድፎን ቀዳዳውን ካነሳ ወዲህ ብዙ አምራቾች ተከትለውታል። ስለዚህ ትንሽ ማገናኛ አብሮ መግዛት ያስፈልጋል። ለሚክሰር ደግሞ ወፍራሙ 6.35 ሚሊሜትር ጃክ ከዕቃው ጋር መኖሩ መታየት አለበት።

ገመድ አልባው ለምን አይሆንም?

ብሉቱዝ ሄድፎን ለዘወትር አገልግሎት ምቹ መሆኑ አያከራክርም። ለዲጄ ሥራ ግን ችግሩ የድምፁ ጥራት ሳይሆን መዘግየቱ ነው። በተለመደው የብሉቱዝ አሠራር ድምፁ ከመሣሪያው ተነስቶ ጆሮ እስኪደርስ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ እና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ የጭፈራ ዘፈን በሁለት ምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ 500 ሚሊሰከንድ ነው። ድምፁ በ200 ሚሊሰከንድ ከዘገየ ዲጄው የሚሰማው ምት በ40 በመቶ ወደ ኋላ የቀረ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ሁለት ዘፈኖችን በጆሮ ማስተካከል አይቻልም። መዘግየቱን የሚያሳጥሩ፣ የራሳቸው ማስተላለፊያ ያላቸው ገመድ አልባ የዲጄ ሄድፎኖች ወጥተዋል፤ ዋጋቸው ግን በርካሽ ከሚመደቡት አይደለም።

ሌላው የባትሪው ጉዳይ ነው። ባትሪ በየዓመቱ አቅሙ ይቀንሳል። በብዙዎቹ ርካሽ ሞዴሎች ላይ ባትሪውን መተካት እንዲቻል ታስቦ ስላልተሠራ የባትሪው ዕድሜ ሲያበቃ የሄድፎኑም ዕድሜ ያበቃል። ገመድ ያለው ሄድፎን እንዲህ ያለ የተወሰነ ዕድሜ የለውም። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ገመድ ሲሰካበት ያለ ባትሪ የሚሠራ መሆኑን ሱቁ ውስጥ አጥፍቶ ሰክቶ ማረጋገጥ ይችላል።

ስሌቱ

ሄድፎን የሚሞትበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ገመዱ ጃኩ አጠገብ በመታጠፍ ብዛት ውስጡ ይበጠስና አንደኛው ጎን ይጠፋል። ቀጥሎ በላብና በሙቀት ሰው ሠራሽ ቆዳው ይላጣል። ሦስተኛ ቅስቱ ወይም ማጠፊያው ይሰበራል። ውስጥ ያለችው ስፒከር ብዙ ጊዜ ከሁሉም በኋላ ነው የምትሄደው። በሌላ አነጋገር ገዥው የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሯ በደህና እየሠራች ነው።

ለምሳሌ ያህል በየሳምንቱ መጨረሻ የሚሠራ ዲጄን እንውሰድ። 30 ዶላር የሚያወጣና መለዋወጫ የሌለው ሄድፎን በየዓመቱ ቢቀይር በ6 ዓመት 180 ዶላር ያወጣል። በአንጻሩ በ100 ዶላር ገዝቶ በዚያው ጊዜ ሁለት ጊዜ ስፖንጅ በ20 ዶላር፣ አንድ ጊዜ ገመድ በ15 ዶላር ቢቀይር ጠቅላላ ወጪው 155 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ 25 ዶላር ነው። በዚህ ብቻ ከታየ የሚያስደንቅ ቁጠባ አይደለም። ልዩነቱ የሚሰፋው ሌሎች ሁለት ነገሮች ሲጨመሩ ነው።

አንደኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የ30 ዶላሩ ዕቃ በ57 ብር ሲሰላ 1,710 ብር፣ በ120 ብር ሲሰላ 3,600 ብር ይመጣል፤ ይህም የማጓጓዣ፣ የቀረጥ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት ነው። በየዓመቱ አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው በየዓመቱ በአዲሱ ምንዛሪ ይገዛል። የ100 ዶላሩን ከለውጡ በፊት የገዛ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ለውጡ የሚነካው በስፖንጅና በገመድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የሥራ መቋረጥ ነው። ገመዱ የሚነቀል ሄድፎን ያለው ዲጄ መለዋወጫ ገመድ በቦርሳው ይዞ ስለሚሄድ ሰርጉ መሐል ቢበጠስበት በደቂቃ ይቀይረዋል። የማይነቀል ገመድ ያለው ዲጄ ሁለተኛ ሄድፎን ካልያዘ የዕለቱን ሥራ በዕድል ይወጣዋል። የአንድ ሰርግ ክፍያ ከሄድፎኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የትኛው እንደሚያዋጣ ግልጽ ነው።

ይህ ስሌት ለሁሉም ሰው አይሠራም። በሳምንት ሁለትና ሦስት ሰዓት ቤቱ ለሚያዳምጥ ሰው 50 ዶላር አካባቢ ያለው በቂ ነው፤ በጥንቃቄ ከተያዘም ዓመታትን ያስቆጥራል። ከ150 ዶላር በላይ መክፈል ተገቢ የሚሆነው ሥራው በየሳምንቱ ገቢ ለሚያስገኝለት ሰው ነው።

ኦርጅናልና ፎርጅድ

ስም ያወጣ ዕቃ ሁሉ አስመሳይ ይኖረዋል። የአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤትና የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት በ2019 በዓለም ላይ የተዘዋወረው የሐሰት ዕቃ 464 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበር ገምተዋል። ይህም ከዓለም ንግድ 2.5 በመቶ ነው። የሶኒው 7506ም ሆነ የኦዲዮ ቴክኒካው ኤም50ኤክስ በብዛት ከሚኮረጁት መካከል ናቸው።

ፎርጅዱን በዓይን ብቻ መለየት እየከበደ መጥቷል። ካርቶኑ፣ ጽሑፉና ቀለሙ ተመሳስሎ ይሠራል። ስለዚህ ገዥው ሱቅ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ወስዶ የሚከተሉትን ቢያደርግ ይጠቀማል።

አንደኛ፣ በደንብ የሚያውቀውን ዘፈን በራሱ ስልክ ይዞ መሄድ። የሱቁ ዘፈን የተመረጠው ዕቃውን እንዲያሳምር ነውና።

ሁለተኛ፣ ቀኝና ግራው እኩል መሰማቱን፣ ድምፁ ከፍ ሲል አለመንጣጣቱን ማዳመጥ።

ሦስተኛ፣ ዘፈኑ እየተሰማ ገመዱን ጃኩ አጠገብና የጆሮ ክዳኑ አጠገብ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ። ድምፁ ከተቆራረጠ ዕቃውን መተው።

አራተኛ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ራስ ላይ አድርጎ መቆየት። በአሥር ደቂቃ የሚያሳምም በአራት ሰዓት አይቻልም።

አምስተኛ፣ አንዱን ስፖንጅ እንዲያወልቁለት መጠየቅ። በቀላሉ ወልቆ የሚመለስ ከሆነ ነገም ይቀየራል። ሙጫ ተለጥፎበት ከሆነ ግን የዕቃው ዕድሜ የስፖንጁ ዕድሜ ነው።

ስድስተኛ፣ ክብደቱን በኩባንያው ከተገለጸው ጋር ማነጻጸር። ኤም50ኤክስ ያለ ገመዱ 285 ግራም፣ 7506 ደግሞ 230 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። የወርቅ መመዘኛ አያስፈልግም፤ የማእድ ቤት ሚዛን ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ዋጋው ራሱ ይናገራል። በውጭ አገር 150 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ ተጓጉዞ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት አዲስ አበባ ላይ በ40 ዶላር ሂሳብ የሚሸጥበት ምክንያት የለም። እንዲህ ባለ ዋጋ መደሰት ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት ነው። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭም ዕቃው ተመልሶ ሲመጣ ላያውቀው ይችላል።

ለአስመጪው

በዘርፉ ለተሰማሩ ነጋዴዎች ሊታሰብበት የሚገባው መለዋወጫው ነው። ብዙ ሱቆች የሚያተኩሩት ሙሉውን ዕቃ በመሸጥ ላይ ነው። ነገር ግን የተሸጠ እያንዳንዱ ሄድፎን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስፖንጅ ይፈልጋል፤ ሥራ የሚበዛበት ደግሞ ገመድ ይፈልጋል። ስፖንጅ ቀላል ነው፤ ቦታ አይዝም፤ በአንድ ሻንጣ ብዙ መቶ ጥንድ ይገባል። ለዕቃው የሚታሰረው ካፒታል ትንሽ በመሆኑም የምንዛሪ ለውጥ ቢመጣ ጉዳቱ ይቀላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው በመጠኑ ነው። ስፖንጅ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ብዙ ዓይነት ሞዴል ከማምጣት በከተማው ውስጥ በብዛት የተሸጡትን ሦስት አራት ሞዴሎች ለይቶ ለእነርሱ ብቻ ማምጣት ዕቃው መጋዘን ውስጥ እንዳይቀር ያደርጋል። ሙሉውን ዕቃ የሚሸጠውም ቢሆን «መለዋወጫው እኛ ዘንድ ይገኛል» ማለት ከቻለ ከጎረቤቱ ጥቂት ብር አስበልጦ ቢሸጥ ደንበኛ አያጣም። ያገለገለ ዕቃ የሚያሻሽጡ ደላሎችም በዚህ ይጠቀማሉ። ስፖንጁና ገመዱ አዲስ የሆነ ኤችዲ 25 ዕድሜው ቢገፋም ገዥ ያገኛል፤ ቆዳው የተላጠና ምትክ የሌለው ሄድፎን ግን ገና በዓመቱ ዋጋ የለውም።

ጆሮ የሚከፍለው

በስሌቱ ውስጥ ያልገባ አንድ ወጪ ይቀራል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም የሥራ ቦታ ድምፅ በ8 ሰዓት ውስጥ በአማካይ ከ85 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ሥፍራዎች ባወጣው መመዘኛ የ15 ደቂቃው አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። ድርጅቱ ከ12 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ካላቸው መካከል ከ1 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት ጮክ ባለ ሙዚቃ ምክንያት የመስማት ችሎታቸው ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን ገልጿል።

ሰርግ ቤት አምስት ስድስት ሰዓት የሚቆም ዲጄ ይህን ገደብ በቀላሉ ያልፋል። ጫጫታውን በደንብ የሚከለክል ሄድፎን ድምፁ ዝቅ ተደርጎም ስለሚሰማ ጉዳቱን ይቀንሳል። ልቅ ሆኖ ጆሮ ላይ የሚንሸራተተው ርካሽ ዕቃ ግን ዲጄው በየጊዜው ድምፁን እንዲጨምር ያስገድደዋል። የስፖንጁ መላጥም የሚያሳስበው ለመልኩ ሲባል ብቻ አይደለም፤ የተላጠና የተጨመቀ ስፖንጅ ጫጫታውን ያስገባል።

ለጠቅላላው ገዥ የሚቀርበው ምክር ይህን ይመስላል። በጀቱ 50 ዶላር ከሆነና ሥራው ቤት ውስጥ ማዳመጥ ከሆነ ኤም20ኤክስን የመሰለ ይበቃል። 100 ዶላር ላለውና ሁለቱንም ሥራ በአንድ ዕቃ ለመሥራት ለሚፈልግ ኤም40ኤክስ ቅድሚያ ሊሰጠው ይችላል፤ ገመዱ ይነቀላል፤ ጆሮን ከቦ ስለሚይዝም ለረጅም ሰዓት ይመቻል። ለዲጄ ሥራ ብቻ የሚፈልግና 150 ዶላር ያለው ኤችዲ 25 ቢገዛ ክፍሎቹን እየቀያየረ ብዙ ዓመት ሊሠራበት ይችላል። ቀረጻና የድምፅ ሥራ የሚያመዝንበት ሰው 7506ን ይመርጣል። የብር ዋጋውን በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ማስላት፣ ከመክፈል በፊትም የስፖንጁና የገመዱ ዋጋ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል። ሻጩ ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለው ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ነው።